ጅማ ዛሬ ዘንቦ ይሆን?

በ1993 ዓ.ም. መኸር፣ ከዓዲግራት ወደ ዛላንበሳ በሚወስደው መንገድ ዳር በተተከለው የመስክ ሆስፒታላችን ደጃፍ፣ ፀሐይ ከተራራው ጀርባ ስትጠልቅ አንዲት ጥያቄ ትነሣ ነበር። «ጅማ ዛሬ ዘንቦ ይሆን?» ጠያቂው ሁልጊዜ ሊሙ ነው። የሚመልስለት ግን የለም። ዙሪያው ድንጋይ ነው፤ በለስ ነው፤ ቀን ፊት የሚለበልብ፣ ሌሊት አጥንት ዘልቆ የሚገባ ነፋስ ነው። እኛ ደግሞ ጭቃ ከጫማ የማይለቅበት አገር ልጆች ነን። ያቺ ጥያቄ ስትነሣ ሁላችንም ለጥቂት ጊዜ ዝም እንላለን። ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የሚወርደውን ዝናብ እያንዳንዳችን በየራሳችን ጆሮ እናዳምጣለን።

ከጅማና በዙሪያዋ ካሉት የቡና ከተሞች የዘመትን አምስት ነበርን። በስማችን መጠራራት የተውነው ገና ዓዲግራት ሳንደርስ፣ መኪና ላይ ነው። የመድኃኒት ክፍሉ ድራጊስት ከሊሙ ገነት ስለመጣ ሊሙ ሆነ። ላቦራቶሪውን የያዘው ሰርቦ። ጤና ረዳቱ ሰቃ፤ «ጨቆርሳ» የሚለውን የሚጨምርለት አልነበረም። ከሸቤ የመጣችው ነርስ ሲስተር ሸቤ ተባለች። እኔ አጋሮ። ቀዶ ሐኪማችን የአዲስ አበባ ልጅ ነው፤ የተማረው ጅማ ስለሆነ ግን ስለ አዌቱ ወንዝ ወይም ስለ ፈረንጅ አራዳ ወሬ ሲነሣ ወንበሩን ሳብ አድርጎ ይጠጋናል። እሱን ዶክተር እንለዋለን። ወታደሩ ግን ሁላችንንም ዶክተር ይለን ነበር፤ ለቁስለኛ መርፌ የያዘ ሁሉ ዶክተር ነው።

አብሮ መሥራት ለእኛ አዲስ አልነበረም። የተማርንበት የጅማ ጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት በ1975 ዓ.ም. ከተቋቋመ ጀምሮ ተማሪውን ከክፍል አውጥቶ ሕዝብ መሀል የሚያስተምር ነው። ሐኪሙም፣ ጤና መኮንኑም፣ ነርሱም፣ የላቦራቶሪውም ተማሪ አንድ ቡድን ሆኖ ወደ ጤና ጣቢያ ይላካል። እኔን የደረሰኝ አሰንዳቦ ነበር። ከዶክተርነት ተማሪው ጋር አንድ ድስት ላይ በልቼ፣ አንድ ጣሪያ ሥር አድሬ፣ ቤት ለቤት እየዞርኩ ስንት ሰው በወባ እንደተኛ መዝግቤ ተመልሻለሁ። ግንባር ላይ ማን ለማን እንደሚታዘዝ ሳንጨቃጨቅ ሁለት ዓመት የሠራነው በዚያ ልምድ ይመስለኛል።

ከኤርትራ ጋር የነበረው ጦርነት በግንቦት 1990 ተጀመረ፤ እኛ በ1991 መጀመሪያ ዘመትን። ስለ ግንቦት 1992 ብዙ አልጽፍም። ሰው ስንት ሌሊት ሳይተኛ በእግሩ መቆም እንደሚችል ያወቅሁበት ወር ነው። ሰኔ 11 ቀን አልጀርስ ላይ የተኩስ ማቆም ስምምነት መፈረሙን የሰማሁት በሰቃ ትንሽ ሬዲዮ ነው፤ በግራ እጄ ፋሻ ይዤ፣ በቀኝ እጄ የአንድ ልጅ ጉልበት ደግፌ። ሁላችንም ቀና ብለን ተያየንና ወደ ሥራችን ተመለስን። መጻፍ የምፈልገው ከዚያ በኋላ ስለመጣው ጊዜ ነው። ተኩስ ቆሞ ዘመቻ ያላለቀበት፣ ቁስለኛ የማይመጣበት ግን ወደ ቤት መሄድም የማይቻልበት ጊዜ።

ጠዋት ቦቴው ውኃ ያመጣል። በርሜሎቹ ይሞላሉ፣ ጀሪካኖቹ ይሰለፋሉ። ሰቃ የቀዶ ሕክምና ዕቃውን ይቀቅላል፤ የሚቆረጥ ሰው ባይኖርም በየቀኑ ይቀቅለዋል። ዶክተር ደግሞ በየጠዋቱ ባዶዎቹን አልጋዎች ሳይቀር ይጎበኛል። መጀመሪያ ግራ ገብቶኝ ነበር፤ በኋላ ግን ገባኝ። እጁ ሥራ ከፈታ ግንቦት ተመልሶ እንዳይመጣበት ይፈራል። ከዚያ ተመላላሹ ይመጣል፤ ሳል፣ እከክ፣ የጥርስ ሕመም፣ የሆድ ሕመም። ለወራት ሕመሙን ዋጥ አድርጎ የቆየው ወታደር ሰላም ሲሆን ሁሉም ነገር አንድ ላይ ያመው ጀመር። ጥይት ያልነካው ጠንካራ ሰው በጥርሱ ሲያለቅስ አይቻለሁ።

የአካባቢው ሰው ደግሞ ከተፈናቀለበት ወደ ፈረሰ ቤቱ እየተመለሰ ነበር። ከመሬቱ ውስጥ ፈንጂ አለ። ፍየል የሚጠብቅ እረኛ ተሸክመው ያመጡልን ቀን ከግንቦቱ ቀን ሁሉ የከበደኝ ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ ለማንም ማስረዳት አልቻልኩም። ልጁ ተርፏል፤ በአንድ እግሩ።

ደግሞ ሌላ ሌሊት አለ። አንዲት አሮጊት፣ ሁላችንም አደይ የምንላቸው፣ ምጥ የያዛትን የልጃቸውን ሚስት በበቅሎ አምጥተው ድንኳኑ ፊት ቆሙ። ሲስተር ሸቤ የቁስለኛ መቀበያውን በአንሶላ ጋርዳ ማዋለጃ አደረገችው። ሊነጋ ሲል ሴት ልጅ ተወለደች። በሁለት ዓመት ውስጥ በዚያ ድንኳን ሰው ሲወጣ እንጂ ሲገባ አላየንም ነበርና ዶክተርን ጨምሮ ሁላችንም እንደ ዘመድ ተሰብስበን ሕፃኗን ማየት ጀመርን። በሦስተኛው ቀን አደይ ሕልበት በሞሰብ ይዘው መጡ። ሲስተር ሸቤ የጅማ ቡና አፍልታ ቀዳችላቸው። ቀመሱና ስኒውን ትክ ብለው አዩት። «ወደይ፣ ከየት ነው ይኼ ቡን?» አሉኝ። ከአጋሮ ነው አልኳቸው፤ የአባቴ ማሳ ነው። አገሩ ሩቅ መሆኑን ነገርኳቸው። «ይህን የመሰለ ቡን ትታችሁ ነው እኛ ጋ የመጣችሁት?» ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ከዚያ በዚያው ስኒ መረቁን።

ስለ ቡናው ልንገራችሁ፤ ምክንያቱም የመጨረሻዎቹ ወራት የቆሙት በእሱ ነው። ወደ መሀል አገር ለሕክምናም ለፈቃድም የሚመላለስ ሰው አይጠፋም፤ በየሁለት ወሩ ከአንዳችን ቤት አንድ ጥቅል ይደርሰናል። የሊሙ እናት ቡናቸውን ለቅመው፣ አጥበው፣ ጉድፉን አንድ በአንድ አንስተው ነው የሚልኩት። የእኔ አባት ከነገለባው፣ ጀንፈሉን ይልካል፤ «በእጃችሁ ስትወቅጡት አገራችሁ ትዝ ይላችኋል» ይላል በደብዳቤው። ጀንፈል ስንወቅጥ ገለባው አይጣልም፤ ሰርቦ በዱቄት ወተት ያፈላውና ሆጃ ያደርግልናል። ምጣዳችን የዘይት ቆርቆሮ ተቆርጦ የተሠራ ነው። ጀበናዋን የሰጡን አደይ ናቸው። በአቆላል አንስማማም፤ ሊሙ ቡናው ገና ቡናማ እንዳለ ይውረድ ይላል፣ ሲስተር ሸቤ ዘይት ካላወጣ ቡና አይባልም ትላለች። ይህ ክርክር ሁለት ዓመት ሙሉ አልተፈታም። አሁን ሳስበው ሆን ብለን ያልፈታነው ይመስለኛል።

በዚያ ዓመት ጾመ ነቢያትና ረመዳን ተገናኙ። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ገባ፤ በቀናት ልዩነት ረመዳን ተከተለ። ሊሙና ሰርቦ ቀኑን ሙሉ ውኃ አይቀምሱም፣ እኛም እስከ ዘጠኝ ሰዓት እንቆያለን። ታዲያ የቀኑ ቡና ቀርቶ ማታ ሆነ። ማንም «እንዲህ እናድርግ» አላለም፤ ሲስተር ሸቤ አንድ ቀን ጀበናዋን ሳትጥድ ፀሐይዋን ስትጠብቅ አየናት፣ በቃ። ፀሐይ ስትጠልቅ ሊሙና ሰርቦ በተምር ያፈጥራሉ፣ ሰግደው ይመለሳሉ፣ ከዚያ አቦሉ ይቀዳል። ሊሙ ስኒውን በሁለት እጁ ይዞ ወደ ደቡብ ምዕራብ ያያል። «ጅማ ዛሬ ዘንቦ ይሆን?»

ታኅሣሥ 3 ቀን አልጀርስ ላይ የሰላም ስምምነቱ የተፈረመውም በሁለቱ ጾም መሀል ነው። ያን ማታ ሬዲዮው ሲናገር እልል ያለ አልነበረም። ሰቃ ተነሥቶ ወጣ፤ ረጅም ጊዜ ቆየ፤ ሲመለስ ዓይኑ ቀልቷል። እኛ ጋ የሞቱትን በስም የሚያውቃቸው እሱ ነበር፤ ልብሳቸውን የሚያወልቀው፣ ኪሳቸውን የሚፈትሸው፣ ፎቶግራፋቸውን በፖስታ የሚያሽገው እሱ ነውና።

ከስምምነቱ በኋላ ባሉት ሳምንታት አንድ ያልጠበቅነው ነገር ሆነ። ደም ለጋሽ በዛ።

ቁስለኛ እንደ ጎርፍ በሚመጣበት ጊዜ ደም እንለምን ነበር። አሁን ደም የሚፈልግ ሰው በሌለበት፣ ወታደሮች አንድ ሁለት እያሉ ማታ ማታ ወደ ሰርቦ ድንኳን መምጣት ጀመሩ። «ደም ልለግስ ነው» ይላሉ። ሰርቦ የሚያስፈልገው ሰው የለም ቢላቸው አይሄዱም፤ ባርኔጣቸውን እያሻሹ ይቆማሉ። አንዱ እንዲያውም «ባይፈለግም ውሰደው» አለው። ሰርቦ በሦስተኛው ቀን ገባው። የሚለገስ ደም ሁሉ አስቀድሞ ለኤች አይ ቪ እንደሚመረመር ሠራዊቱ ያውቃል። ወደ ቤት የመሄጃው ቀን ደርሷል። ቤት ውስጥ ሚስት አለች፣ እጮኛ አለች። «መርምረኝ» ማለት ግን የሚቻል ቃል አልነበረም፤ በዚያ ዘመን ያን ቃል ማውጣት ራስን መክሰስ ነበር። ስለዚህ ደም ልስጥ ይላሉ።

ዶክተር ነገሩን ሲሰማ ብዙ አላሰበም። የዕቃ ማስቀመጫዋን ትንሿን ድንኳን አስለቀቀና ሁለት ወንበር አስገባባት። ሲስተር ሸቤ አንደኛው ላይ ተቀመጠች። ሰርቦ ደሙን ይወስዳል፤ ውጤቱን መስማት የሚፈልግ ወደ እሷ ይገባል፣ የማይፈልግ ይሄዳል። ስም አይጻፍም፤ ቁጥር ብቻ። ይህን እንድናደርግ ያዘዘን ወረቀት አልነበረም። አንዳንዱ ሰው ከገባ በኋላ ሰዓት ይቆያል፤ ድምፅ አይሰማም። አንዳንዱ ሮጦ ይወጣና ያገኘውን ሁሉ ያቅፋል። እኔን አንድ ሦስቴ የማላውቀው ሰው አቅፎኛል።

ከነሱ መካከል አንድ የጌራ ልጅ ነበር። የአገራችን ሰው ስለሆነ ማታ ቡና ላይ አብሮን ይቀመጣል፤ ስለ ጌራ ማር ሲያወራ ምራቅ ያስውጣል። ከዚያች ድንኳን ከወጣ በኋላ ሦስት ቀን አልመጣም። በአራተኛው ቀን መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠና ቀስ ብሎ ጠየቀኝ። «አጋሮ፣ አራት ዓመት የጠበቀችኝን ልጅ ምን ልበላት?» ምን እንደመለስኩለት በደንብ አስታውሳለሁ፤ ነገር ግን መልሴ ስለማያስደስተኝ አልጽፈውም። ያን ጊዜ በእጃችን መድኃኒት አልነበረም። መድኃኒቱ በነፃ መታደል ሲጀምር 1997 ሆኗል፤ ያኔ እኔ ጅማ ነበርኩ። ለዓመታት ጠዋት ሥራ ስገባ መጀመሪያ የማየው የተጠባባቂዎቹን አግዳሚ ወንበር ነበር። የጌራውን ልጅ አንድም ቀን እዚያ አላየሁትም።

የዘመቻው መጨረሻ ቆጠራ ነው። ተተኪ ቡድን ሊመጣ ነው፤ ያለንን ንብረት አስቆጥረን፣ አስረክበን፣ ክሊራንስ ይዘን እንድንመለስ ትእዛዝ መጣ። የንብረት ክፍሉ ሃምሳ አለቃ ትልቁን መዝገብ ይዞ ለአንድ ሳምንት እኛ ጋ ከረመ። አልጋ፣ ብርድ ልብስ፣ ፋኖስ፣ የግሉኮስ መስቀያ፣ መቀስ፣ መቆንጠጫ፣ ቆመጥ ሳይቀር ተቆጠረ። እያንዳንዱ ዕቃ ሲገባ በሞዴል 19 ተፈርሞበታል፤ ፊርማው ደግሞ የእኔ ነው።

ቃሬዛው ላይ ደረስን። መዝገቡ 40 ይላል። ሰቃ ሁለት ጊዜ ደርድሮ ቆጠረ፤ 37 ነው። ሃምሳ አለቃው መነጽሩን አውልቆ አየኝ። «ሦስት ይጎድላል» አለ። እኔ አፌ ተሳሰረ። የት እንዳሉ አውቃለሁ። ሰቃም ያውቃል፤ መሬት መሬቱን ያያል።

የግንቦት ሌሊት ነው። ከምሽግ ሲመጡ መንገድ ላይ ሦስቱም አልፈዋል። ሳይነጋ መቅበር ነበረብን፤ ሲነጋ ያ ቦታ ይታያል። ከቃሬዛ አውርደን ወደ ጉድጓዱ ልናስገባቸው ስንል ሲስተር ሸቤ ክንዴን ያዘችኝ። «አታውርዷቸው፣ እንደተኙ ይሂዱ» አለች። ልቅሶ በድምጿ ውስጥ አልነበረም፤ የታመመ ልጅ እንዳይቀሰቀስ የምትናገር እናት ትመስል ነበር። ከነቃሬዛው አወረድናቸው። አፈሩን ስንመልስ ሸራው ላይ ሲያርፍ ያሰማው ድምፅ እኔ ከማውቀው ድምፅ ሁሉ የሚመሳሰለው በጣሪያ ላይ ከሚጀምር ዝናብ ጋር ነው። ሊሙም እዚያ ነበር፤ አካፋ ይዞ። ጥያቄውን የጀመረው ከዚያ ሌሊት ወዲህ መሆኑን ያስተዋልኩት ዘግይቼ ነው።

ይህን ሁሉ ለሃምሳ አለቃው ነገርኩት። አላቋረጠኝም። ስጨርስ ቦታውን ጠየቀኝ፤ በእጄ አሳየሁት። ተነሥቶ ባርኔጣውን አውልቆ ወደዚያ አቅጣጫ ትንሽ ቆመ። ተመልሶ ተቀመጠና መዝገቡን ገለጠ፤ «ምርመራ» በሚለው አምድ ውስጥ በዚያ በሚያምር ጽሕፈቱ «ሦስት፣ በግዳጅ ላይ የቀሩ» ብሎ ጻፈ። ፈረመ። እኔም ከሥሩ ፈረምኩ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ ሲከዳኝ የጅማ ሆስፒታል ትዝ አለኝ። ተማሪ ሳለን አባባ ድሬሰር የምንላቸው አንድ ጡረተኛ ሽማግሌ ነበሩ፤ ጡረታ ከወጡም በኋላ ከሆስፒታሉ በረንዳ አይጠፉም። ሆስፒታሉ በ1930 ዓ.ም. ጣሊያኖች ለራሳቸው ወታደሮች ያቋቋሙት ነው። አባባ ያኔ እንጨትና ውኃ የሚያመላልሱ ልጅ ነበሩ። የመጨረሻውን ክረምት ሲያወሩ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይደጋግማሉ። በሰኔ 1933 ጅማ ልትያዝ ነው፤ ከተማዋ በታመመና በቆሰለ የጣሊያን ወታደር ተሞልታለች፤ ዝናቡ ያለ ማቋረጥ ይወርዳል። ጣሊያናዊው ነርስ ግን በየማለዳው አንሶላ ይቆጥራል። ቆጥሮ ያጥፋል፤ በማግስቱ ፈትቶ እንደገና ይቆጥራል። «ልጅ ነበርኩና ያበደ መስሎኝ እሸሸው ነበር» ይሉናል አባባ። እኛም እንደ ተረት ነበር የምንሰማው። ወራሪ ናቸው፤ በየካቲት 1929 ራስ ደስታ ዳምጠውን የገደሉ ናቸው፤ ከነፃነት በኋላ ያንኑ ሆስፒታል በራስ ደስታ ስም የጠራው ሰው አጥንቱን ያሳርፍለት እላለሁ። ይሁን እንጂ ዓዲግራት መንገድ ላይ፣ 37 ቃሬዛ ከጎኔ ተደርድሮ በተኛሁበት ሌሊት፣ የዚያ ነርስ እጅ ምን ይፈልግ እንደነበር ታወቀኝ። አንሶላ ሲቆጠር ቁጥሩ ይሞላል።

ጥምቀትን እዚያው ዋልን። አደይ ሕፃኗን ታቅፈው ሊሸኙን መጡ። ጀበናዋን ልንመልስላቸው ብንል እምቢ አሉ፤ ሲስተር ሸቤ በብርድ ልብስ ጠቅልላ ይዛት መጣች። እስከ አሁን ሸቤ አለች።

ከአዲስ አበባ አውቶቡስ ተራ ገና ሳይነጋ ተነሣን። ወልቂጤ ቁርስ፣ ከዚያ የግቤ በረሃ ቁልቁለት፣ ድልድዩ፣ ከዚያ ወደ ላይ። ሶኮሩን ስናልፍ አረንጓዴው ተጀመረ። ማንም አላወራም። ሁለት ዓመት ድንጋይ ያየ ዓይን ቅጠል ሲያይ ይደክመዋል መሰለኝ፤ ሰቃ ዓይኑን ጨፍኖ በአፍንጫው ብቻ አገሩን ይስብ ነበር። ሰርቦ ከተማው ላይ ሲደርስ መጀመሪያ ወረደ። ሻንጣውን ከጣሪያ ላይ እያወረዱለት በመስኮት ተሰናበትን፤ አውቶቡሱ ሲነሣ ከመንገዱ ዳር እጁን እንዳነሣ ቆሞ ቀረ። ጅማ መናኸሪያ ላይ አራታችን ተለያየን፤ ሰቃና ሲስተር ሸቤ በቦንጋ መንገድ፣ ሊሙ በሊሙ መኪና፣ እኔ በአጋሮ። ሁለት ዓመት የገነባነው ቤተሰብ ለመፍረስ የፈጀበት ጊዜ ረዳቱ «አጋሮ፣ አጋሮ፣ የቀረ!» እያለ እስኪጣራ ድረስ ብቻ ነበር።

ስዘምት «ኢንስቲትዩት» ብዬ የተውኩት ትምህርት ቤቴ በታኅሣሥ 1992 ከእርሻ ኮሌጁ ጋር ተዋሕዶ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሆኖ ጠበቀኝ። በሩ ላይ ያለውን አዲስ ጽሑፍ ከመኪና መስኮት እያየሁ አለፍኩ።

አጋሮ ስደርስ አባቴን ያገኘሁት ጀንፈል ከተሰጣበት ቆጥ አጠገብ ነው። ካቀፈኝ በኋላ እጁን ከትከሻዬ አላነሣም፤ በሌላኛው እጁ ግን ቡናውን ማገላበጡን አልተወም። ማታ እናቴ ቡና አፍልታ «ቡናና ሰላም አትጡ» ብላ ከመረቀች በኋላ ስለ ግንባሩ ጠየቁኝ። ምን እንደምነግራቸው ስለጠፋኝ የሊሙን ጥያቄ ነገርኳቸው፤ በየማታው ጅማ ዘንቦ ይሆን እንል እንደነበር። አባቴ ስኒውን አስቀምጦ ቆይቶ ቆይቶ ተናገረ። «ኅዳርና ታኅሣሥ? ልጄ፣ እኛ እዚህ ቆጥ ላይ ያለ ቡና እንዳይበሰብስ፣ እንዳይዘንብ ሌት ተቀን ስንለምን፣ እናንተ እዚያ ዝናብ ትመኙ ነበር?»

የቡና ገበሬ ልጅ ሆኜ ይህን እንዴት እንደረሳሁት አላውቅም።

ቡናው ሳይዘንብበት ደረቀ፤ ዋጋው ግን ወደቀ። በ1989 በኒውዮርክ ገበያ አንድ ፓውንድ ቡና ከ3 ዶላር በላይ ደርሶ ነበር፤ አባቴ የቤቱን ሣር በቆርቆሮ የቀየረው በዚያ ዓመት ነው። በ1994 መጀመሪያ ያው ፓውንድ ከግማሽ ዶላር በታች ሆነ። አገሮች የሚሸጡትን መጠን በኮታ የወሰነው ዓለም አቀፍ ስምምነት ከፈረሰ ከ1981 ወዲህ ገበያው መረን ወጥቶ ነበር፤ ቬትናምም ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ገበያውን በቡና አጥለቅልቃዋለች። ይህን ሁሉ በኋላ አነበብኩት። ያን ጊዜ ያየሁት ግን ሰብሳቢው ሚዛኑን ሳይነካ ዋጋ ሲናገር፣ ገበሬውም ሳይከራከር ጆንያውን ሲፈታ ነው። ሥራ ስመለስ እናቶች በወባ የተያዘ ልጃቸውን አራትና አምስት ቀን ቤት አቆይተው ያመጡልኛል። ለምን ዘገያችሁ ስል «ቡናው አልተሸጠም» ይሉኛል። እንግዲህ የዘመቻዬ መጨረሻ የቱ ጋ እንደነበር ለመናገር ይቸግረኛል፤ ከዓዲግራት ያመጣኋቸው እጆች ዕረፍት አላገኙም።

መስከረም 1 ቀን 2011 ዛላንበሳ ላይ ድንበሩ ሲከፈት በቴሌቪዥን አየሁ። ሰው ከሁለቱ ወገን ሮጦ ይተቃቀፋል። ከበስተጀርባ ያ ኮረብታ ይታያል። ልጆቼን ጠርቼ በጣቴ አሳየኋቸው። ከሁለት ዓመት በኋላ በዚያ ምድር የመጣውን ጦርነት አገር ሁሉ ያውቃል። ያቺ ሕፃን በዚያ ጊዜ ሃያ ዓመት ሞልቷታል። የአደይ ጀበና ሸቤ እንደምትኖር ሁሉ እሷም የሆነ ቦታ ትኖር ዘንድ በየጾሙ እለምናለሁ።

ሰርቦ ከዘጠኝ ዓመት በፊት ዐረፈ። ዶክተር ውጭ አገር ነው። ሰቃ ጡረታ ወጥቶ ንብ ያረባል። ሊሙ በከተማው የራሱ መድኃኒት ቤት አለው፤ ከጀርባው ደግሞ ከእናቱ የወረሰው የቡና ማሳ። አሁን ስልክ ስላለ በየወሩ ይደውላል። ባለፈው ኅዳር ማታ ላይ፣ እኔም ጀንፈሌን ከቆጥ ላይ ሰብስቤ በላስቲክ እየሸፈንኩ ሳለ ደወለ።

«አጋሮ፣ እንዴት ዋልክ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፤ አንተስ ሊሙ?»

«አልሐምዱሊላህ። እናንተ ጋ ዘነበ እንዴ?»

ቀና ብዬ ሰማዩን አየሁ። ከዋክብት ወጥተዋል።

«አልዘነበም።»

«እኛም ጋ አልዘነበም» አለኝ። ከዚያ እንደ ድሮው ሁለታችንም ለጥቂት ጊዜ ዝም አልን።